ቀለም የተቀባው ብሎን

ባለፈው ሳምንት ወደ ዘንዘልማ በሚሄድ ሚኒባስ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ መዝሙር ከፍቷል። መዝሙሩ መልካም ነው፤ ከመዝሙሩ ሥር ግን ሌላ ድምፅ አለ፤ ቀጭን፣ ጆሮ ሥር እንደሚዞር ቢንቢ ያለ። ነዳጅ ሲሰጥ ይቀጥንና ይወጣል፤ ሲለቅ ይወርዳል፤ ማርሽ ሲቀይር ከሞተሩ ጋር ትንፋሽ ይወስድና እንደገና ይጀምራል። ተሳፋሪው ለምዶታል፣ ወይም አልሰማውም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መልመድ አልችልበትም።

«ወንድሜ፣» አልሁት፣ «የአምፕሊፋየርህ ሽቦ ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ሳይታሰር አልቀረም።»

በመስተዋቱ አየኝ። መነጽሬን አየ፤ ጭኔ ላይ የተከፈተውን መጽሐፍ አየ። «እናቴ፣ መኪናዋ እንዲህ ናት። ተፈጥሮዋ ነው» አለኝ።

«ተፈጥሮዋ አይደለም።»

«እንግዲያ ነይና ጠግኛት!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። መጽሐፌን ዘጋሁ። ጆሮዬ ግን እስከ ጫፉ ጋለ። ሾፌሩ ያን ያህል ቁጣ የሚገባው ሰው አልነበረም። ቁጣው የቆየ ነው፤ በአንድ የበጋ ወቅት፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የጀመረ። አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ያን ዓመት መስቀል እንዳለፈ አባቴ ከቁንዝላ በጀልባ አሳፍሮ ወደ ባሕር ዳር ላከኝ። የአባቴ ታላቅ እኅት ባሏ ሞቶባት ነበር። በእኛ ዘንድ ባል ለሞተባት ሴት ቤቷ ጭር እንዳይልባት ከዘመድ ቤት ልጅ ይላክላታል። ወንድሞቼ ትምህርት ላይ ነበሩ፤ እኔ ግን ቁመቴ ከእናቴ ትከሻ ደርሶም ትምህርት ቤት አልገባሁም። «ለከርሞ» ይባላል፣ ከርሞ ሲደርስ ደግሞ «ለከርሞ» ይባላል። ስለዚህ የምላከው እኔ ሆንሁ። «ስመኝ ዝምተኛ ናት፣ አታስቸግርም» አለ አባቴ፣ እንደሚሸጥ ዕቃ።

እቴቴ የሺ ጀልባው የሚቆምበት ድንጋይ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯ ከሐዘኑ ገና መብቀሉ ነው። እጄን ስትይዘኝ ጥፍሮቿን አየሁ። ከሥራቸው ጥቁር ናቸው፤ የጣቶቿ መስመሮችም ጥቁር ናቸው። ሐዘን ሲበዛ ከልብስ አልፎ እስከ ጥፍር የሚዘልቅ መሰለኝ፤ በዚያች ቀን እጅግ አዘንሁላት። ግሪስ መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ባሏ ጋሽ አንማው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የሚሠራበት ቤት የቤተ ክርስቲያኑን የግንብ አጥር ተደግፈው ከተሠሩት የኪራይ ቤቶች አንዱ ነው፤ በቀኙ ጧፍና ሻማ ይሸጣል፣ በግራው ልብስ ሰፊ አለ። ጠዋት በሩ ሲከፈት የባትሪ አሲድና የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሲዞር ደግሞ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ይገባና ሁለቱ ይጣላሉ። እኔ የቁንዝላ ልጅ ስለሆንሁ ለሐይቁ ሽታ አዳላ ነበር። ጥር ሲገባ ግን ማዳላቱን ትቼው ነበር።

እቴቴ የሺ ሙያውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። መጀመሪያ ለባሏ ምሳ ታመጣ ነበር። ቀጥሎ ምሳውን እስኪጨርስ ፒንሳ ታቀብል ጀመር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይኑ ሲደክም እሱ በአፉ ይናገራል፣ እሷ በእጇ ትሠራለች። «ግማሹን አውቀዋለሁ» ትል ነበር፤ «ግማሹን እየፈለግሁት ነው።» ከዚህ በላይ አውቃለሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ ከዚህ በታች ነሽ የሚላትን ግን አትምርም።

መኪና ይቆማል፤ ሰው ይወርዳል፤ በእሷ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ ያያል።

«ሠራተኛው የለም?»

«አለሁ።»

«አይ፣ ማለቴ የሚሠራው ሰው…»

«አለሁ አልሁ እኮ!»

ግማሹ ይሄዳል። ግማሹ እየተጠራጠረ ኮፈኑን ይከፍታል።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ አቶ ታደለ የመጡት በኅዳር ነው። ነጠላቸው ሁልጊዜ ከሳጥን አሁን የወጣ ይመስላል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። እዚህ አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ብዬ ነው።

«እኅቴ፣» አሉ፣ «ይህ ቤት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የተከራየ ቤት ነው። ሠራተኛው ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አርፏል።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ባለቤቱ ነሽ።»

«ሞተብኝ እንጂ አልሞትሁም አቶ ታደለ።»

«ሞተሻል ያለሽ የለም። የእኅቴ ልጅ በዚሁ ሙያ ተምሮ ወጥቷል፤ ቤት የለውም። ጥምቀት ሲያልፍ ጉባኤው ይቀመጣል። እስከዚያው ዕቃሽን ቀስ እያልሽ ሰብስቢ።»

ሲሄዱ እቴቴ የሺ መዶሻ አነሣች። ዕቃውን ልትሰበስብ ነው ብዬ ካርቶን ፈልጌ አመጣሁ። እሷ ግን ግድግዳው ላይ አዳዲስ ምስማር መትታ መሬት የተኙትን መፍቻዎች ሁሉ አንድ በአንድ ሰቀለች። ካርቶኑን ለሻማ ሻጯ ሰጠችብኝ።

«ቤቱን ቢወስዱትስ?» አልኋት።

«የወንድሜ ቤት ምድጃ ሥር የምትቀመጥ አክስት እሆናለኋ» አለች። «አንቺም አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ደስ ይልሻል?»

ደስ አይለኝም። ቁንዝላን እወዳለሁ፤ ምድጃውን ግን አውቀዋለሁ።

ሥራዬ መብራት መያዝና መስማት ነበር። መብራቱ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ መሞከሪያ ነው፤ ሽቦ ሲነካ እጀታው ውስጥ ያለች አምፖል ትበራለች። እስክትበራ ድረስ ትንፋሼን እይዝ ነበር። የሚያበራት ትንፋሽ መያዜ መስሎኝ ቆየሁ፤ አንድ ቀን ስቼ ተነፈስሁና በራች፤ ትንሽ ቅር አለኝ። መስማቱ ደግሞ እንዲህ ነው፤ እቴቴ የሺ ሞተሩ እየሠራ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ዲናሞው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ረጅም ጊዜ። ሞተሩ ንስሐ የሚገባላት ይመስለኝ ነበር።

«ምን አለሽ?» እላታለሁ።

«ኩሽኔታዬ አልቋል አለኝ።»

ከዚያ ካቻቢቴውን ለእኔ ትሰጠኛለች። ውስጡ ንፋስ፣ ጠጠር፣ ወፍጮ ይሰማል። «አለቀሰ» ብላት ትቆጣለች። «አለቀሰ አትበይኝ። የት እንደሆነ ንገሪኝ። ምን እንደሆነ ራሴ እፈልገዋለሁ።» እስካሁን ሰው ሲያወራኝ የት፣ መቼ፣ በየት በኩል የምለው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው አይወድልኝም።

ታኅሣሥ ላይ የሰንበት ተማሪዎቹ የቤተ ክርስቲያኑን ፒክአፕ ቀለም ሊቀቡ ተነሡ። ፒክአፑ የታቦቱን ምንጣፍና ጥላ፣ ከበሮዎቹንና ድምፅ ማጉያውን ይጭናል፤ በጥምቀት ከሰልፉ ፊት እየሄደ መዝሙር ያሰማል። ቀለሙ ተላልጦ ነበር። ልጆቹ በፍቅር ሠሩት። ከኋላ ያለውን ሁሉ አወረዱ፤ አምፕሊፋየሩ ያለበትን የእንጨት ሣጥን ፈቱ፤ ውጭውን ነጭ፣ ወለሉን አረንጓዴ ቀቡት። ለታቦት በሚሰለፍ ነገር ላይ እድፍ አይታይም ብለው የጎማውን ቸርኬና የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር፣ ብሩሽ የደረሰበትን ሁሉ ቀቡት። ሽታው አጥሩን ዘሎ እኛ ዘንድ ሰነበተ፤ እንጀራው ራሱ ቀለም ቀለም ይል ነበር። ከዚያ ሁሉን መልሰው አሰሩት፤ ሽቦዎቹንም ለጌጥ አንድ ላይ አድርገው በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሪባን ጠመጠሟቸው።

መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ በራችን ላይ ቆመን አየን። እንደ ቆመች መዝሙሩ ጥሩ ነበር። ሾፌሩ ቻላቸው ነዳጅ ሲሰጣት ግን ከመዝሙሩ ሥር አንድ ጩኸት ተነሣ፤ ቀጥኖ፣ ወጥቶ፣ መዝሙሩን አልፎ ሄደ። የሻማ ሻጯ አማተበች።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ቁንዝላ ጠበል ቦታ አንዲት ሴት ካህኑ መስቀል ሲያነሣ ስትጮኽ አይቻለሁ፤ ጸሎቱ ሲበረታ ጩኸቷም ይበረታ ነበር። ሮጬ ገባሁና «እቴቴ፣ መኪናዋ ላይ ሰፍሮባታል!» አልሁ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ሰይጣን ማርሽ ሲቀየር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል?» አለችኝ።

አሰብሁበት። እኔ ያየሁት አላደረገም።

እንደ እኔ ያሰቡ አዋቂዎች ግን ነበሩ። አንዱ ሣጥኑ ላይ ጠበል ረጨበት። ፊውዙ ተቃጠለና ሙሉ ቀን ዝም አለች። ቻላቸው ሰው እየሰበሰበ «ጠበሉ ሠርቷል፣ ሰይጣኑ ወጥቷል» ይል ነበር፤ «ችግሩ መዝሙሩም አብሮት ወጥቷል።» ቀጥሎ የአቶ ታደለ የእኅት ልጅ መጣና ጩኸት ያጣራል የተባለ ዕቃ ገጠመ። እንደ ቆመች ደኅና ሆነች። መንገድ ስትገባ ጩኸቱ እንደነበረ ነው፤ የቀነሰው የከበሮው ድምፅ ብቻ ነው። የሲዲ ማጫወቻው ይቀየር አለ። ዲናሞውም ይቀየር አለ። ከዚያ ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀረ።

ከከተራ በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ቻላቸው ማንንም ሳያስፈቅድ ፒክአፑን በራችን ላይ አቆማት።

«እትዬ የሺ፣ በማርያም፣ አንዴ ስሚልኝ። ልጆች ኋላዬ እየሮጡ ‹ዊ…ይ› እያሉ ይዘምራሉ። ነገ ታቦት ፊት እንዲህ ሆኜ ነው የምሄደው?»

እቴቴ የሺ እጇን በጨርቅ ጠረገችና አንድ እግሯን ጎማው ላይ አደረገች።

«እኅቴ!» አቶ ታደለ ከቅጥሩ በር ላይ ቆመው ነበር። «መኪናዋ ታጥናለች። የታቦቱ ምንጣፍ የሚጫንባት ናት። ሴት አትወጣባትም።»

«ማን አለ?»

«ሥርዓት ነው።»

ማንበብ ከቻልሁ በኋላ በመጻሕፍት ከፈለግኋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ አገላበጥሁ፤ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅሁ። ስለ ፒክአፕ የተባለ ነገር የለም። ሥርዓቱ የአቶ ታደለ ነበር።

እቴቴ የሺ እግሯን አወረደች። ወደ እኔ ዞረች። «ልጅስ? ልጅም ትከለከላለች?»

አቶ ታደለ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ የሚለኩኝ ይመስል ነበር። «ልጅ… ልጅ ግድ የለም» አሉ።

በብብቴ ይዛ አነሣችኝ። ወለሉ ፀሐይ መትቶት እግሬ ሥር ይጣበቃል። ሣጥኑ ሾፌሩ ካለበት ክፍል ጀርባ ነው፤ እቴቴ የሺ ከታች ሆና የምታየው የእኔን ራስ ብቻ ነው።

«ቻላቸው፣ መዝሙሩን ዝቅ አድርገው። እስከ መጨረሻው። አሁን ነዳጅ ስጥ!»

መዝሙሩ ጠፋ፤ ጩኸቱ ብቻውን ቀረ። መንገዱ ላይ ራቁቱን እንደወጣ ሰው ያሳፍር ነበር። ልብስ ሰፊው መቀሱን ይዞ ወጣ።

«አየህ፣ ድምፅ ስትቀንስ አልቀነሰም» አለችው ቻላቸውን። «ስለዚህ ማጫወቻው አይደለም፤ ከማጫወቻው ወዲህ ነው የሚገባው። ስመኝ፣ ከሣጥኑ ጎን ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ሽቦ ተሰክቷል። ንቀይው።»

ነቀልሁት። ዝም አለ። ሻማ ሻጯ እልል ልትል ብላ አፏን ያዘች።

«ቆዪ፣ ገና ነው» አለች እቴቴ የሺ፤ ፊቷ ግን በርቶ ነበር። የመዝሙሩ ሽቦ ከወፍራሙ የባትሪ ሽቦ ጋር በሪባን ተጠምጥሟል፤ ከሱ እየተጋባበት ነው ብላ ቆርጣ ነበር። «ሪባኑን ፍቺና አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አድርጊ።» ቋጠሮው ቀለም ጠጥቶ ስለደረቀ በጥርሴ ፈታሁት። ለያየሁ፤ መልሼ ሰካሁ። ቻላቸው ነዳጅ ሰጠ።

ያው ነው። አንድም ነገር አልተለወጠም።

ፊቷን ላለማየት ሪባኑን ጠቀለልሁ። አቶ ታደለ በዝግታ ቀረብ አሉ። «እኅቴ፣ የተማረውም ሞክሮ አልሆነለትም። ባትደክሚ ምናለ? ነገ ከተራ ነው።»

እቴቴ የሺ ወደ ቤት ገባች። ተወችው ብዬ አሰብሁ፤ የቁንዝላው ምድጃ ጭስ እዚያው ወለሉ ላይ ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። ስትወጣ ረጅም ሽቦ ጠቅልላ ይዛለች፤ ሁለቱም ጫፎቹ ተልጠዋል። ኮፈኑን አስከፍታ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አሰረች፤ ሌላውን ወደ እኔ ወረወረችው።

«ከሣጥኑ የሚወጣ ጥቁር ሽቦ አለ። ሣጥኑ ላይ የታሰረበትን ቦታ በዚህ ንኪው። ቻላቸው፣ እንዳትለቅ!»

ነካሁት። ጩኸቱ ቢንቢ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ዝም እንደሚለው ተቆረጠ። አነሣሁ፤ መጣ። ነካሁ፤ ጠፋ። አነሣሁ፣ ነካሁ፣ አነሣሁ፣ ነካሁ፤ አንድ መንደር ሙሉ አዋቂ ሲቸገርበት የሰነበተው ነገር በጣቴ ይነሣል፣ በጣቴ ይተኛል።

«ይበቃል፣ አንቺ ልጅ!» አለች እየሳቀች። «ማሳው ነው! ማሳው ነው እኮ!»

ማሳ የሚሉት ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ነው። ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናው ብረት በኩል ነው። ያ መንገድ ሲዘጋበት በመዝሙሩ ሽቦ ሾልኮ ይመለሳል፤ የዲናሞውንም ጩኸት ይዞ። ለእኔ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ካነበብሁትም የሚጣላ አይደለም።

«ጥቁሩ ሽቦ ወዴት ይሄዳል? በጣትሽ ተከተይው።»

ተከተልሁት። ወለሉ ላይ አንድ ብሎን ጋ ቆመ። ብሎኑ አረንጓዴ ነው፤ ሽቦው ጫፍ ያለችው ቀለበት አረንጓዴ ናት፤ ወለሉም አረንጓዴ ነው። ልጆቹ ወለሉን ቀብተው ሽቦውን በቀለሙ ላይ አስረውታል፤ ብሎኑ ብቻውን ዝጎ መታየቱ ደግሞ ለታቦት ነውር ሆኖባቸው እሱንም ደግመው ቀብተውታል። ከፍቅር ብዛት ብረት ከብረት ሳይገናኝ ቀርቷል።

«ቀለም ነው» አልሁ። «ሁሉም ቀለም ነው።»

መፍቻ አቀበለችኝ። ሞከርሁ። በሁለት እጄ ተንጠለጠልሁበት። መፍቻው አምልጦኝ ጣቴ ተላጠ፤ ደሜ አረንጓዴው ላይ ሲንጠባጠብ አቶ ታደለ ማየት አልወደዱም።

«በቃ፣ በቃ፣ ልጅቱን አውርዷት» አሉ። «ታወቀ እኮ። እናመሰግናለን እኅቴ። ቻላቸው፣ መኪናዋን ወደ ግቢ አስገባት። የእኅቴ ልጅ ይመጣና ያስረዋል።»

ቻላቸው መሪውን እንደያዘ ወደ እቴቴ የሺ አየ። ሁላችንም አየናት። ነገ ሕዝቡ መኪናዋን ያበጃት ማነው ሲል የሚጠራው ስም እዚያች ደቂቃ ላይ ነበር። ቤቱም እዚያች ደቂቃ ላይ ነበር።

ጫማዋን አወለቀች። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደሚደረገው ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አማተበች። የጥቁር ቀሚሷን ጫፍ መቀነቷ ውስጥ ሻጠች፤ አንድ እግሯን ጎማው ላይ አደረገች፤ ወጣች።

«እኅቴ!» ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ስመኝ፣ መፍቻውን» አለች።

ለማውረድ መንካት ነበረባቸው፤ ሴት በአደባባይ ጎትተው ማውረድ ደግሞ የሚሆንላቸው አልነበረም። ስለዚህ ቆሙ። ሰዉም ቆመ። እቴቴ የሺ ተንበርክካ መፍቻውን ገፋችው፤ ቀለሙ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ብሎኑ ዞረ። በቢላ ጫፍ ወለሉን ፋቀችው፤ አረንጓዴው እየተጠቀለለ ወጣ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ አሸሁት። የቀለበቷንም ፊት አሸን። አሰረችው፣ ዝገት እንዳይገባው ግሪስ ደፋችበት።

«ቻላቸው! እስከ መጨረሻው ስጣት!»

ሞተሩ አጓራ። ከድምፅ ማጉያው ግን ምንም አልወጣም። መዝሙሩን ከፍ ሲያደርገው ዘማሪው ከቃል ወደ ቃል ሲሻገር የሚወስዳት ትንፋሽ እንኳ ተሰማች። ሻማ ሻጯ ያፈነችውን እልልታ ለቀቀችው።

አቶ ታደለ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቅጥሩ ገቡ።

በማግስቱ ታቦታቱ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ከፒክአፑ ጎን እየተራመድሁ ሄድሁ። ‹ዊ…ይ› ሲሉ የነበሩት ልጆች ሊያላግጡ መጡ፤ የሚያላግጡበት አጡና ዘመሩ። ውኃው ላይ ድምፁ ርቆ ይሄድ ነበር። እቴቴ የሺ ከሴቶቹ መሀል ነበረች፤ መኪናዋን ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

ጉባኤው ተቀመጠ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጉባኤው ሰብሳቢ ቄሰ ገበዝ እንየው ከአቶ ታደለ ጋር በራችን ላይ መጡ። ቄሰ ገበዙ ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው የሰቀለቻቸውን መፍቻዎች በየተራ ሲያዩ ቆዩ።

«የሺ፣ ቤቱ ለአንቺ ይጽና ተብሏል» አሉ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ።»

«ግን» አሉ አቶ ታደለ፣ «ጉባኤው አንድ ነገር ይጠብቃል። የወጣሽው አጥፍተሽ ነው። አጠፋሁ፣ ሁለተኛም አልወጣም በይ። በአባታችን ፊት። ሌላ ነገር የለም፣ አንዲት ቃል ናት።»

እውነት ነው፣ አንዲት ቃል ናት። በልቤ በያት፣ በያትና ይሂዱ እያልሁ ነበር። የቀሚሷን ጫፍ ሳብ አደረግሁ። ሳትዞር እጄን አራገፈችው።

«አባቴ፣» አለች፣ «ብሎኑ ታች ከሆነ መሬት ተኝቼ እገባለሁ። ላይ ከሆነ እወጣለሁ። አላጠፋሁም፤ አጠፋሁ አልልም።»

«እንግዲያማ ቤቱ—» ሲሉ አቶ ታደለ፣ ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ከመሬት ትንሽ አንሥተው አቋረጧቸው። መጀመሪያ እሷን አዩ። ቀጥለው መንገድ ዳር የቆመችውን ፒክአፕ አዩ፤ ጎማዋንም፣ ከጎማዋ እስከ ላይ ያለውንም ቁመት።

«ታደለ፣» አሉ፣ «እንጨት ፈልገህ መሰላል አሠራላት። በጎማ መውጣት ለዕድሜዋ አይሆንም።»

 እኔ ቤቱ ያለ ይቅርታ ተረፈ ብዬ ልዘል ነበር።

«መሰላል አልፈልግም አባቴ፤ ጎማው ይበቃኛል» አለች እቴቴ የሺ፤ የጀመረችውን ሽቦ አንሥታም መላጥ ቀጠለች።